ብታፈይውም

«ለልጁ ከቧንቧው አትስጪው። ብታፈይውም አትስጪው። ለማንም ደግሞ ትንፍሽ እንዳትይ።»

ይህን ያለው ወንድሟ ነው፤ የነገረውም ለሚስቱ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ ግን የወጥ ቤቱ መስኮት ገርበብ ብሎ ስለነበር ከሥሩ ባለው የግቢ ቧንቧ ፊቷን የምትታጠበው እህቱ አንድ ቃል ሳያመልጣት ሰማች። መስማት ፈልጋ አይደለም። በወንድሟ ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ስትኖር፣ የባልና ሚስት ወሬ በመስኮት ሲሾልክ ጆሮዋን ወደ ሌላ ማዞር፣ ያየችውንም እንዳላየች ሆና ማለፍ ለምዳለች። በሰው ግቢ፣ የወንድምም ቢሆን፣ ሰላም የሚገኘው እንደዚያ ነው። የዛሬዋ ቃል ግን አላልፍ አለች። «ብታፈይውም»። ውሃ የሚጠራጠር ሰው አፍልቶ ይጠጣል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ማፍላት የማያጠፋው፣ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የሚበረታ አንድ ነገር ግን አለ፤ በዚህ ከተማ ያንን ነገር በስሙ የሚያውቁት ቢቆጠሩ አሥር አይሞሉም። አንዱ ወንድሟ ነው። አንዷ እሷ ናት። ቧንቧውን ዘጋችና፣ ፊቷን ሳታደርቅ፣ ከእጇ የሚንጠባጠበውን እያየች ቆመች።

ሥራዋ ውሃ መመርመር ነው። በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ከየጉድጓዱና ከየቧንቧው ናሙና እየቀዳች፣ እየለካች፣ መዝገብ ላይ እያሰፈረች ትፈርማለች። ባልደረቦቿ «ጠብታ» ይሏታል፤ አንድም አጭር ስለሆነች፣ አንድም የምርመራ መድኃኒት ስትቆጥር አንዲት ጠብታ ከተሳሳተች ሁሉን ደፍታ እንደ አዲስ ስለምትጀምር። ወንድሟ የዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። አባታቸው ሲሞት እሱ አሥራ ዘጠኝ፣ እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ሥራም ያስገባት እሱ ነው። «ጋሼ» ትለዋለች። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለደችለት። ልጁ እስካሁን ጡት ብቻ ነበር የሚጠባው። የፊታችን ሰኞ እናቱ ወደ ሥራ ስለምትመለስ ጡጦ ሊጀምር ነው።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ብዙ አልተጫወቱም። ከበሩ ኋላ አራት ካርቶን የታሸገ ውሃ ተደርድሮ አሮጌ አልጋ ልብስ ጣል ተደርጎበታል፤ ዋጋው የእሷን ደሞዝ ሩብ ይሆናል። የወንድሟ ሚስት ዐይኗን ከልጁ አላነሣችም። «ዛሬ የት ነሽ?» አላት ወንድሟ። «የደቡቡን መስመር ነው።» «ክሎሪኑን ብቻ ለኪና ቶሎ ተመለሺ። ወዲያ ወዲህ አትበይ» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

የመሥሪያ ቤቱን መኪና የሚነዳው ሽማግሌ «ፍሬን» ይባላል። በሃያ ስድስት ዓመት ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም፤ «እኔ ስነዳ ቀብር የሚሄድ ሰው ሬሳው ይቀድመዋል» ይላል ራሱ። የበረዶውን ሳጥን ከኋላ ጭነው ከግቢው እንደወጡ፣ «ጋሽ ፍሬን፣ በአራት ቁጥር ጉድጓድ በኩል እንለፍ» አለችው። ዝርዝሩን ከፊት መስታወቱ ሥር አነሣና አየው። «አራት ቁጥር እዚህ ላይ የለም።» «አውቃለሁ።» ሽማግሌው አንዴ አያትና መሪውን አዞረ። ከዚያ በኋላ እስኪደርሱ ቀልድ አላመጣም።

የአራት ቁጥርን ነገር መጀመሪያ ያየችው እሷ ነበረች። ናይትሬት የሚባለው፣ ትልቅ ሰውን ብዙም የማይጎዳ፣ የሕፃን ደም ግን አየር እንዳይሸከም የሚያደርግ ነገር በዚያ ውሃ ውስጥ በየወሩ ሲወጣ በገዛ እጇ ጽፋዋለች፤ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ ስምንት። ሃምሳ ጣሪያው ነው። አርባ ስምንትን በጻፈች በሳምንቱ መለኪያው መሣሪያ ተበላሽቷል ተብሎ ለጥገና ሄደ፤ የአራት ቁጥር ናሙና ከእንግዲህ ውጭ ባለ ላቦራቶሪ ይመረመራል ተባለ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ከኃላፊው ቢሮ ብጣሽ ወረቀት ይመጣላታል፤ «ከጣሪያው በታች» ይላል፤ እሷም ወደ መዝገብ ገልብጣ ትፈርማለች። ጋሼ የላከው ወረቀት ነውና አልተጠራጠረችም። ወይም መጠራጠር አልፈለገችም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መንገዱን ሙሉ ስታስበው ሄደች።

ጉድጓዱ ከከተማው ጫፍ፣ ከአንድ ተዳፋት ግርጌ ነው። ከላይ የከብት ማድለቢያ አለ፤ ሥራ ሲጀምር ሁለት መቶ ከብት ነበረው፣ አሁን ከሁለት ሺህ ያልፋል። እበቱና ሽንቱ የሚጠራቀምበት ኩሬ ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል፤ ዝንቡ ከመኪና ሳይወርዱ ነው የሚቀበለው። በአጥሩ ውስጥ ፓምፑ እንደ ሁልጊዜው ያጉረመርማል። የጉድጓዱ ዘበኛ በሩን ከፍቶላት፣ «እኔስ የተባረርሽ መስሎኝ ነበር» አላት። «ካየሁሽ ሁለት ወር አልፏል። አሁን የሚቀዱት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው፤ እሑድ እሑድ፣ በገዛ መኪናቸው፣ ብቻቸውን። ባለፈው ከቀዱ በኋላ እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠርሙሱን እያዩ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆዩ። ታመዋል እንዴ ብዬ ነበር።» እሷ ከቧንቧው ጥቂት አፍስሳ፣ ብርጭቆዋን ሦስት ጊዜ አለቅልቃ ሞላችና ከቦርሳዋ የመመርመሪያ ወረቀቶች ያሉበትን ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። ወረቀቱ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነጭ ነው፤ ናይትሬት ሲያገኝ ይቀላል፤ በበዛ ቁጥር ይብሳል። ብልቃጡ ላይ የቀለማት ደረጃ ተሥሏል፤ የመጨረሻው መቶ ነው። ነክራ አወጣችና ስልሳ ሰከንድ ቆጠረች። ሠላሳ ላይ ስትደርስ ወረቀቱ የመጨረሻውን ቀለም አልፎ ሄዶ ነበር። ሌላ ነከረች። ሦስተኛም ነከረች።

የአራት ቁጥር ውሃ የሚሄደው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ሰፈር፣ ወደ አሮጌው ገበያና የእነ ወንድሟ ቤት ወዳለበት መንደር ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በየሦስት ወሩ ክሎሪን የምትለካበት አንድ ግቢ አለ። ከልጃቸው ጋር በአንዲት ክፍል የሚኖሩ አሮጊት የግቢውን ቧንቧ ከፍተው ያስቀዷታል። ዛሬ በሩ ክፍት ሆኖ አሮጊቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሕፃን ታቅፈዋል። በመደርደሪያው ላይ የታጠቡ ሦስት ጡጦዎች በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ቆመዋል፤ ከጎናቸው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ በምድጃው ላይ የሚንተከተክ ድስት። «ግቢ ልጄ፤ አያት ሆንኩልሽ እኮ» አሏት። ልጃቸው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ናት፤ አርባ አምስት ቀን ሲሞላት ወደ ሥራ ግቢ፣ አለዚያ ቦታሽ ተይዟል ብለዋታል። «እኔ ነኝ የማሳድገው። ውሃውን ሦስት ጊዜ አፈላዋለሁ፤ ግማሽ እስኪሆን። ጋዝ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ፣ ግን ለልጅ አይሰሰትም። ደግሞ ጨዋ ነው፣ አያለቅስም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ድምፁንም አልሰማሁት።»

ጠጋ ብላ አየችው። የሕፃኑ ከንፈር ሰማያዊ ቀለም የነካው ይመስላል፤ ጥፍሮቹ ሥር አመድ መስለዋል። ዐይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ከደነው። ግማሽ እስኪሆን ሲፈላ ስንት እንደሚመጣ ሳታስበው በራሷ ውስጥ ተሰላ፤ ሁለት መቶ፣ ከዚያም በላይ። ሴትዮዋ በስስት ሳይሆን በትጋታቸው፣ በእያንዳንዷ ተጨማሪ ደቂቃ፣ ውሃውን ሲያከፉት ከርመዋል። ይህን እንዴት ይነግሯቸዋል? «እማማ፣ ነጠላዎን ይልበሱ። ሐኪም ቤት እንሄዳለን። መኪና አለ» አለች። «አንቺ ሐኪም ነሽ እንዴ?» «አይደለሁም። የውሃ ሰው ነኝ።» አሮጊቷ ፊቷን ለአፍታ አጠኑት፤ ከዚያ ምንም ሳይጠይቁ ድስቱን ከምድጃው አወረዱ። ጋሽ ፍሬን በዚያች ቀን፣ በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀይ መብራት ጥሶ አለፈ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዐይኗ ሥር እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥላ አለ። ልብና ሳንባውን አዳምጣ ችግሩን አላገኘችውም። «ዶክተር፣ ደሙን ይዩት» አለቻት ጠብታ ከበሩ ሥር ሆና። በመርፌ ሲቀዳ የወጣው ደም ቀይ አልነበረም፤ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ውሃ ቡናማ ነበር። ሐኪሟ መርፌውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገች። «እንዲህ ያለ ደም በመጽሐፍ እንጂ በዐይኔ አይቼ አላውቅም። እርስዎ እንዴት ዐወቁ?» «ከውሃው ነው።» «ከየትኛው ውሃ?» አፏን ከፈተች፤ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። የመጣላት ግን ቁጥር ሳይሆን ወንድሟ ነው፤ ስድስት ዓመቷ ሳለ ትምህርት ቤት በር ላይ የጫማዋን ክር ጎንበስ ብሎ ሲያስርላት። «እመለሳለሁ» አለችና ወጣች። አሮጊቷ በአገናኝ መንገዱ አግዳሚ ላይ ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። «ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሏት። «እርስዎ ምንም አላጠፉም እማማ» አለችና ሳትቆም አለፈች።

ወንድሟ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ሦስቱን ወረቀቶች በጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊቱ ደረደረቻቸው። ሲያያቸው አልደነገጠም፤ ብዙ ቀን ቆሞ የጠበቀው እንግዳ የገባ ይመስል ወንበሩ ላይ ለቀቅ ብሎ ተቀመጠ። «ይኼ ወረቀት ማስረጃ አይሆንም። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።» መሳቢያውን በቁልፍ ከፍቶ የውጩን ላቦራቶሪ መልሶች ሰጣት። መቶ አራት። መቶ ዘጠኝ። መቶ አሥራ ስምንት። የመጀመሪያው የመጣው ከዘጠኝ ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ቀን ነው። «ለበላይ ጽፌያለሁ፤ ሁለት ጊዜ። መልሱ በስልክ መጣ። አዲሱ መስመር እስኪገባ ሦስት ወር ነው፣ ሕዝብ አታሸብር አሉኝ። እውነታቸውንም ነው። አራት ቁጥርን ብዘጋ የከተማው ሲሶ ይደርቃል። ቧንቧ ሲደርቅ ሰው ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ወንዙ ውስጥ ያለው የሚፈጀው ከዚህ ይበልጣል።»

«ሕፃን ላላቸው ብቻ ብትነግር ኖሮስ?»

«አንድ ሰው የሰማውን ከተማው ይሰማዋል።»

«ለአንድ ሰው ነግረሃል ጋሼ። ጠዋት ሰምቼሃለሁ።»

ከግድግዳው ማዶ ጸሐፊዋ በስልክ ስለ ቤት ኪራይ ትጨቃጨቃለች፤ ሁለት ክፍል በዚህ ዋጋ የት ተገኝቶ እያለች። ወንድሟ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። መልሶ ሳያደርገው፣ ወደ መስኮቱ እያየ፣ «መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ ያንቺ ነው፣ ጠብታ» አለ። ቤትም ሆነ ቢሮ «እቱ» እንጂ በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም ነበር። እየዛተባት ይሁን እያዘነላት ከድምፁ መለየት አልቻለችም፤ ምናልባት እሱም አልለየው ይሆናል። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ቁጥር አንዴ ካየች አይጠፋትም።

ሐኪም ቤት ስትመለስ ለሕፃኑ ሰማያዊ መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጥቶት፣ ከንፈሩ ወደ ሰው ቀለም መመለስ ጀምሮ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፈው አብረውት ተንሰቀሰቁ። ሐኪሟ ግን አልተደሰተችም። የሟቾችን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትጠብቃት ነበር። «ባለፉት ሁለት ወራት ውስጥ ከስድስት ወር በታች የሆኑ ስድስት ሕፃናት ሞተውብናል። የልብ ችግር ብለናል፣ የሳንባ ብለናል፣ ያልታወቀ ብለናል። አድራሻቸውን ላንብብልዎት፤ የሚጠጡት ከየት እንደሆነ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።» «አራት ቁጥር ነው።» «ከሸክላ ፋብሪካው ጎን።» «እሱ ሦስት ቁጥር ነው፤ አይነካውም።» ሐኪሟ ጣቷን በዝርዝሩ ላይ ቀስ እያደረገች ወረደች። አሮጌው ገበያ፤ አራት ቁጥር። የወታደሮች መንደር፤ ሁለት ቁጥር። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ደግሞ። የመጨረሻው የእነ ወንድሟ መንደር ነበር፤ ከቤታቸው ሦስተኛው በር፣ አረንጓዴው። የዚያን ልጅ ቀብር ወንድሟም ሄዷል። ከቀብር ሲመለስ ምሳ አልበላም፤ ራሴን ነው ብሎ ተኝቶ ነበር።

«ይህ ውሃ እንዲህ መሆኑ የታወቀው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሐኪሟ፤ እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆሟል።

አላውቅም ማለት ትችል ነበር። እስከዚያች ጠዋት ድረስ እውነት ነበር። «ከዘጠኝ ሳምንት በፊት፣ ሰኞ» አለች። ማን ያውቅ እንደነበር፣ ቁጥሮቹን፣ በመዝገቡ ላይ ያሉት የራሷ ፊርማዎች ሐሰት ያጸደቁ መሆናቸውን ጭምር አንድ በአንድ ተናገረች፤ ሐኪሟ ጻፈች፤ እሷም ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጽፋ ፈረመች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነዘረ። አላነሣችውም።

የሐኪሟ ሪፖርት ለጤና ቢሮ ደርሶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጉድጓዱ ታሸገ። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በየሰፈሩ እየዞረ ሕፃናት የቧንቧ ውሃ እንዳይሰጣቸው፣ ማፍላትም እንደማይጠቅም ይናገራል። ጋሽ ፍሬንን አሰናብታ በእግሯ ስትሄድ ጄሪካን የያዘ ሰው ከእያንዳንዱ የሕዝብ ቧንቧ ፊት ተሰልፎ ነበር፤ ቧንቧዎቹ አየር ብቻ ይተፋሉ። የሥራ ካፖርቷን ያየ አንድ ሰው፣ «እናንተ ናችሁ አይደል የዘጋችሁት? ማታ ልጆቼ ምን ይጠጡ?» አላት። «ነገ በቦቴ ይመጣል» አለችው። ይምጣ አይምጣ አታውቅም። ከሰልፉ ጫፍ ያሉት ሁለት ሴቶች ባልዲያቸውን ይዘው ወደ ወንዙ የሚወስደውን ቁልቁለት ሲጀምሩ ቆማ አየቻቸው፤ ጠርታ ልትመልሳቸው ፈለገች፣ ምን ብላ እንደምትመልሳቸው ጠፋት።

ቤት ስትደርስ የመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ተከፍቷል፤ የልጁ አልጋ ባዶ ነው። የወንድሟ ሚስት ልጇንና የታሸገውን ውሃ ይዛ ወደ እናቷ ሄዳለች። አረንጓዴው በር ያለው ቤት ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ በአጥሩ ላይ ያልፋል፤ እንደ አዲስ ሞት። ወንድሟ ሳሎን ውስጥ በካናቴራ ተቀምጦ፣ ነጭ ሸሚዙን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ይዟል። ቀና ብሎ አያት። አልተቆጣም።

«ይችን ተኩሺልኝ እስቲ፣ እቱ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ለምርመራ ቅረብ ብለውኛል።»

ተቀበለችው። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈች፣ ካውያውን ሰካች፣ እስኪግል ጠበቀች። የሚረጭ ውሃ ስላልነበረ ጨርቁ እሺ አላላትም፤ እጅጌውን ደጋግማ ተጫነችው። ከልጅነቷ ጀምሮ የዚህን ሰው ሸሚዝ ስትተኩስ የት ላይ እንደሚጨማደድ ታውቀዋለች። አንገትጌው ላይ ስትደርስ ከጀርባዋ ድምፁ መጣ።

«ስንት ናቸው?»

«አራት» አለች ሳትዞር።

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች። ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «እኔ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ነበር ያሰላሁት» አለ።

አንገትጌውን ገልብጣ በውስጥ በኩል ተኮሰችው። ሸሚዙን በወንበር መደገፊያ ላይ ሰቀለችለት፣ ካውያውን ነቀለች፣ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ቦታው መለሰች። ከዚያ በጓሮ በኩል ወደ ክፍሏ ገባችና ልብሶቿን እያወጣች ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች።